የታይሮይድ ሕመም፣ ዒባዳና የቤተሰብ ሐቅ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ የፕሮግራማችን ተከታታዮች! ዛሬ የምናነሳው ሕመም ከውጭ ሲያዩት ብዙም የማይታይ፣ የያዘውን ሰው ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያደክም ነው። የታይሮይድ ሕመም ኖሮበት አንገቱንና መገጣጠሚያዎቹን የሚያመው ሰው በየሰፈራችን አለ። ሕመሙ በሴቶች ላይ ስለሚበዛ ብዙ ጊዜ ታማሚዋ እናት ወይም እህት ናት። «ሰነፈች»፣ «ሶላቷን እንኳ ቁጭ ብላ ሆነ» ሲባልባት እንሰማለን። ይህ ንግግር ከሕመሙ በላይ ያማል።

ታይሮይድ ከአንገታችን ፊት ለፊት የሚገኝ ትንሽ ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነት ጉልበቱን የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይመራል። ሲያንስ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ይተሳሰርበታል። ሲበዛ ደግሞ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ይከሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዕጢው ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ነው። የእንቅርት አንዱ ምክንያት የአዮዲን እጥረት በመሆኑ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በአገራችን በ2003 ዓ.ም ወጥቷል። የታይሮይድ ሕመም ሁሉ ግን ከአዮዲን እጥረት አይመጣም፤ ጨው ማብዛትም መድኃኒት አይሆንም።

የአንገት ሕመም ሁሉም ከታይሮይድ አይደለም። ዕጢው ከፊት ነው፤ የአንገት አከርካሪ ከኋላ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ ለየብቻ መመርመር አለባቸው። እጅ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ እርምጃ ከተዛባ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን አንገት ማሳሸትና ማስጠምዘዝ አደጋ አለው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሽታን ያወረደው አላህ መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘዋል። ሆርሞን ላነሰበት የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይወሰዳል። ቁርስም ቡናም ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን የሚወስድ ሰው በ4 ሰዓት ያራርቀው። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ የተሻለው ኪኒኑን ስለወሰደ ነውና። ዱዓና ሩቅያ መልካም ናቸው፤ ኪኒን ግን አያስቆሙም።

ረመዳን ሲቃረብ ሐኪም ማማከር ነው። አንዳንዱ ሱሑር ከመብላቱ ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ቀድሞ ይወስዳል፤ ሌላው ካፈጠረና ከበላ ከ3 ሰዓት በኋላ ሊተኛ ሲል ይወስዳል። ብዙዎች በዚህ ሁኔታ ይጾማሉ። ጾሙ የሚጎዳው ሰው ግን አላህ ለታማሚ የሰጠው ፈቃድ አለለት።

በሶላትም እንደዚሁ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። ጎንበስ ማለት ያልቻለ በምልክት ይሰግዳል፤ የሱጁዱን ምልክት ከሩኩዑ ዝቅ ያደርጋል። በተስሊም ጊዜ አንገቱ የማይዞርለት በሚችለው ልክ ይዙር። ወንበር ላይ የሚሰግድ ሰው በአላህ ፈቃድ እየሠራ ነውና ዓይናችንን እንሰብስብለት። እኛ ኢማሞችም ከኋላችን ደካማና በሽተኛ እንዳለ አስበን ሶላቱን እናቅልል፤ ሙዓዝ (ረ.ዐ) የተመከሩት ይህንኑ ነው።

ባሎች፣ ልጆች ሆይ! ውኃውን ቅዱ፣ ከባዱን ዕቃ አንሡ፣ ልብሱን እጠቡ። የደም ምርመራዋን ቀን አስታውሷት። ከሁሉ በፊት ደግሞ «አመመኝ» ስትል እመኗት። የታመመን መጠየቅ የሙስሊም ሐቅ ከሆነ፣ ከእኛው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያለችው ታማሚማ ቀዳሚዋ ናት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ፈውስን፣ ለቤተሰቦቻቸውም ርኅራኄን ይወፍቅ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።