ፍጥነትና ፈውስ፦ በማይክሮዌቭ የሚዘጋጁ አዳዲስ ውህዶች



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ፀረ ባክቴሪያ ወይም ፀረ ጥገኛ ተውሳክ ይሆናሉ ተብለው የሚታሰቡ ውህዶችን በማይክሮዌቭ በፍጥነት ማዘጋጀታችን ለታማሚው ምን ያስገኝለታል?

በአገራችን ጥያቄውን አንገብጋቢ ከሚያደርጉት በሽታዎች አንዱ በመተማና በሁመራ ቆላዎች የሚገኘው ካላዛር ነው። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ለሕክምናው ሲያገለግል የኖረው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በየቀኑ በመርፌ የሚሰጥ ሲሆን ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። የተሻለ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ማይክሮዌቭ ለኦርጋኒክ ውህደት መዋሉ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 በታተሙ ጥናቶች ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ በ2.45 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ እንደ ኢታኖል ያሉ ዋልታዊ ሞለኪውሎችን እያወዛወዘ ያሞቃል። ሞገዱ ኬሚካዊ ትስስርን ለመበጠስ የሚበቃ ጉልበት የለውም፤ ምሥጢሩ ሙቀቱ ነው። ኢታኖል በክፍት ዕቃ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ግፊት በሚችል ዝግ ዕቃ ግን 160 ዲግሪ ይደርሳል። በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ብለን በግምት ብናሰላ፣ ከ80 ወደ 160 ዲግሪ መውጣት ፍጥነቱን 256 ጊዜ ያሳድገዋል። የ8 ሰዓቱ ሥራ በ2 ደቂቃ ገደማ ያልቃል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ በቀላሉ ከሚዘጋጁት መካከል ሃይድራዞኖች ይገኙበታል። ፀረ ባክቴሪያው ኒፉሮክሳዛይድና ለቻጋስ በሽታ የሚሰጠው ኒፉርቲሞክስ ሁለቱም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ተስፋው መሠረት አለው።

ሆኖም ውህድ መሥራትና መድኃኒት ማግኘት አንድ አይደሉም። አንድ ውህድ ተውሳኩን በ2 ማይክሮሞላር፣ የሰውን ሕዋስ ደግሞ በ4 ማይክሮሞላር ቢገድል መራጭነቱ 2 ብቻ ነው፤ የሰውን ሕዋስ የሚጎዳው በ100 ከሆነ ግን መራጭነቱ 50 ይሆናል። በተጨማሪም የካላዛር ተውሳክ በታማሚው አካል ውስጥ የሚራባው ማክሮፌጅ በተባለው የመከላከያ ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ስለዚህ በብልቃጥ በሚዋኘው ተውሳክ ላይ ብቻ የተገኘ ውጤት አያስተማምንም።

እንግዲህ ማይክሮዌቭ የሚያተርፍልን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ተጨማሪ ውህዶች ለመደርደር ካዋልነው የመመረቂያ ጽሑፋችን ይወፍራል፤ ለታማሚው ግን የሚተርፍ የለም። በአንጻሩ ከባዮሎጂና ከሕክምና ባልደረቦቻችን ጋር ሆነን ለመርዛማነትና ለመራጭነት ምርመራ ካዋልነው፣ ጥቂት ውህዶች እንኳ ቁም ነገር ይኖራቸዋል። ውድ ተማሪዎች፣ የምርት መቶኛችሁን በምትጽፉበት ሠንጠረዥ ላይ ለመራጭነት አንድ ዓምድ ጨምሩ።