ሆደ ቡቡዎች በሰኔ ወር

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የሂሳብ ሪፖርት አላመጣንም። የምንነግራችሁ በሂሳብ ክፍሉ ስለምንሠራው ሦስት ሴቶች ነው። ሦስታችንም «ሆደ ቡቡ»፣ ሲብስም «ሆደ ባሻ» እየተባልን ነው ያደግነው። የሰው ፊት ሲጠቁር ቀድመን የምናየው፣ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ እንቅልፍ የሚነሳን፣ ሬዲዮና ጄኔሬተር አንድ ላይ ሲጮኹ ቁጥር የሚጠፋብን እኛ ነን። ኢሌን አሮን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንዲህ ስሜቱ ስስ መሆን በሽታ ሳይሆን የተፈጥሮ ባሕርይ ነው ይላሉ። ይህን ስናውቅ ቀለል አለን። መቅለሉ ብቻውን ግን አላዳነንም።

ያለፈውን ሰኔ እንናገር። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቁጠባው፣ ብድሩ፣ የባንኩ መግለጫ ሁሉ መታረቅ አለበት። ምሳ ሳንበላ፣ ቡናውን እስከ በረካ እየጠጣን፣ ማታም ስልክ እየመለስን ሦስት ሳምንት ሠራን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እህታችን ለልጇ ሕክምና ከቁጠባዋ ልታወጣ መጣች። ደብተሯን ረስታ ነበር። ጮኽንባት። እያለቀሰች ወጣች። ለሰው እናዝናለን የምንለው እኛ! በማግስቱ ቤቷ ድረስ ሄደን ገንዘቡን ሰጠናት፣ ይቅርታም ጠየቅናት። ዛሬ የምንናገረው በፈቃዷ ነው።

ከዚያ በፊት ሳንሞክር ቀርተን አይደለም። በየመስከረሙ፣ በማለዳ ተነስተን እንሮጣለን፣ ማስታወሻ እንጽፋለን እንላለን፤ ነገሩ ለመስቀል እንኳ አይደርስም። ዕረፍትን ከትርፍ ላይ የሚወጣ አድርገን ይዘነው ነበር፤ ትርፍ ጊዜ ደግሞ የለንም። ከሐምሌ ወዲህ እንደ ቤት ኪራይ አስቀድመን እንመድበዋለን።

የያዝነው ትንሽ ነው። ከ7 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል በሩን ዘግተን ምሳ እንበላለን፤ ስልክም ወሬም የለም። ቡና ከቶና አናልፍም (ጎረቤት በዚህ ተቀይሞናል፤ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ንቀት ይመስላላ)። ማታ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀደም ብለን ወርደን በእግር እንገባለን፤ ልጆቻችን በር ላይ ሳይደርሱብን የቀኑ ጫጫታ ትንሽ ይበርድልናል። ከለቅሶ አንቀርም፤ የዚያን ቀን ምሽት ግን ለሌላ ጉዳይ አንሰጥም።

አንዳንድ እህቶች «ይህ የሀብታም ነገር ነው» ብለውናል። ብር አያስወጣም። የሚከብደው «አሁን አልችልም» ብሎ መናገሩ ነው፤ እኛም ገና እየተለማመድን ነው።

በየቀኑ በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ምልክት እናደርጋለን። ባዶ ቀን ሞልቷል፤ ጥር ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶ ነው። ድሮ ቢሆን እዚያው እንተወው ነበር። አንድ ወር ሂሳቡ ሳይታረቅ ቀረ ተብሎ መዝገብ አይጣልም፤ በማግስቱ ቀጠልን።

አሁን ሰኔ እየመጣ ነው። ደጋፊዎቻችን የሪፖርት ጥያቄያችሁን እስከ ግንቦት መጨረሻ ብታደርሱን፣ አባላትም አስቸኳይ ያልሆነውን ወጪ ከሰኔ 15 በፊት ብትጠይቁን ትረዱናላችሁ። በምሳ ሰዓት በሩ ዝግ ነው። የታመመ ሰው ያላት ግን ታንኳኳ፤ እንከፍታለን።