ወደ አዋሽ ፓርክ በየትኛው ወር እንሂድ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በጂኦግራፊ ክበብ የቀረበ ንግግር)



ክበባችን ለዚህ በዓል አንድ ንግግር እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ፥ እርስ በርሳችን ስንከራከርበት የሰነበትነውን ጉዳይ ይዘን ለመቅረብ መረጥን። ጉዳዩም ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የምናደርገው ጉዞ በየትኛው ወር ይሁን የሚል ነው። ቀላል መስሎን ነበር፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ይህ ፓርክ በ1966 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የታወጀ ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። 2007 ሜትር ከፍታ ካለው ከፈንታሌ ተራራ በቀር አብዛኛው ሜዳና ቆላ ነው። በዓመት የሚያገኘው ዝናብም 600 ሚሊ ሜትር ገደማ፥ ማለት የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ትምህርት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ እንሂድ የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ የአዋሽ ወንዝ የደጋውን ጎርፍ ይዞ ደፍርሶና ሞልቶ በፏፏቴው ላይ ሲወርድ ማየት ግሩም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ይጨቀያል። ሣሩም ስለሚረዝም እንሹን የመሰለ ትንሽ እንስሳ በአጠገባችን ቢቆም እንኳ አናየውም። ውሃ በየስፍራው ስለሚገኝ አራዊቱ ይበተናሉ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው የበልግ ዝናብ ደግሞ አንድ ዓመት ይመጣል፥ አንድ ዓመት ይቀራል። ግንቦትና ሰኔን ማንም አልመረጠ፤ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላልና።

እንግዲህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ቀረ። ሰማዩ ጥሩ ነው፥ መንገዱ ደረቅ ነው፥ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም በዚያ ይገኛሉ።

ክርክሩ የበረታው ከዚህ በኋላ ነው። አብዛኞቻችን ጥርን ፈለግን፤ ውሃው በየቦታው ሲደርቅ ከርከሮውም አጋዘኑም ወደ ወንዙ ስለሚወርድ፥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ይበቃል አልን። ይህን ጊዜ ዘመዶቹ በመተሐራ በኩል የሚኖሩ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ «እናንተ ጥሩ ወር የምትሉት እኛ ዘንድ የጭንቅ ወር ነው» አለን። ፓርኩ በተከለለ ጊዜ ከረዩዎች በበጋ ከብት ያሰማሩበት የነበረው ሣር በክልሉ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ደረቁ ወር ሲመጣ ከብቱም አራዊቱም ወደ አንድ ሣርና ወደ አንድ ውሃ ይመለከታሉ፤ ጠቡም በዚያው ላይ ነው። አንዳችን ቀደም ሲል ከብቶቹ ፎቶግራፉን ያበላሻሉ ብሎ ነበርና አፈረ፤ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም አፈርን።

በመጨረሻ ኅዳርን መረጥን። ሣሩ ገና አላለቀም፥ በወንዙ ዳር የሚታየውም አውሬ በጥር ከሚታየው ያነሰ ይሆናል። ሳላን ግን አናጣም ብለን እናስባለን፤ በስሙ የተጠራው የኢላላ ሳላ ሜዳ አለና። ይህ እንስሳ የሰውነቱን ሙቀት ከፍ አድርጎ ላቡን ስለሚቆጥብ፥ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን መቆየት ይችላል። ከረፋድ በኋላ ከግራር ጥላ ሥር ስለሚያርፍ በማለዳ ተነሥተን ልናየው ይገባል፤ ስለሆነም በዋዜማው ሄደን እዚያው እናድራለን።

ቆላ ነው ብሎ ልብስ የሚቀንስ እንዳይኖር! የበጋ ሌሊት እስከ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እያንዳንዱ ተማሪ ጋቢ፥ ቆብና የሚጠጣ ውሃ ይያዝ። ለልጆቻችሁ ፈቃድ የምትሰጡ ወላጆችም ከዚህ በዓል ፍጻሜ በኋላ ስማቸውን በክበባችን ጸሐፊ ዘንድ እንድታስመዘግቡልን በትሕትና እንለምናለን።