ተማሪ የሚሰማው ተማሪን ነው
(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ምግብና ስለ ስፖርት እናወራለን ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። «የአገር ጉዳይ ስንጠብቅ የምሳ ዕቃ መጣ» ነው አይደል? እሺ፣ ከምሳ ዕቃው እንጀምር።

እስቲ በምሳ ሰዓት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በርገር ያመጣው ልጅ ክዳኑን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይበላል። ሽሮ ያመጣችው ልጅ ደግሞ በክዳኑ ከልላ፣ አንገቷን ደፍታ ትጎርሳለች። አንዳንዷ ጭራሽ ሳትከፍተው ወደ ቤት ትመልሰውና በእጇ ባለችው ብር ቺፕስና ለስላሳ ትገዛለች። ይህን ማን አስተማራት? መምህሯ አይደለም፣ እናቷም አይደለችም። «ዛሬም ሽሮ?» ብሎ የሳቀባት የክፍሏ ልጅ ነው። አንድ ሳቅ ይህን ያህል ጉልበት ካለው፣ ከዚያው ልጅ አፍ የሚወጣ ሌላ ቃል ደግሞ ሊመልሳት ይችላል። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው።

ያ የሚሳቅበት ሽሮ ከአተር፣ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ የተሠራ ነው። ሰውነት የሚገነባ ፕሮቲን አለው። የጤፍ እንጀራው ብረት አለው። ጎመን ሲጨመርበት ደግሞ ምን ጎደለው? በተለይ እናንተ እህቶቼ፣ ይሄ ይመለከታችኋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ ነበረባቸው። ክፍል ውስጥ የሚያዞራት፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ሰነፍ ላትሆን ትችላለች፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሻይ መጠጣት ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚወስደውን ብረት ይቀንሳል። ሻዩን ትንሽ አቆዩት። ሎሚ ወይም ብርቱካን ግን ያግዛል።

የኛ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ጤናማ ነው አልልም። ዘይት የሚንሳፈፍበት ወጥም የኛ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ሻይም የኛ ነው። ግን የ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ 7 ወይም 8 መሆኑ ነው። ይህን ያህል ስኳር ሻይህ ውስጥ ሲገባ ብታይ ትጠጣው ነበር?

አሁን ወደ ዘዴው ልምጣ። በእንግሊዝና በዌልስ በ59 ትምህርት ቤቶች የተደረገ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ጉዳዩ ሲጋራ ነበር። መምህራን «ጎበዝ ተማሪ» ብለው አልመረጡም። የ12 እና የ13 ዓመት ልጆችን ራሳቸውን «ከእኩዮቻችሁ ማንን ታከብራላችሁ? ማንን ታያላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ብዙ ድምፅ ያገኙት፣ ረባሾቹም ጭምር፣ ሁለት ቀን ሠለጠኑ። ከዚያ ለ10 ሳምንት ከጓደኞቻቸው ጋር እንዲሁ እንደ ወሬ ተጨዋወቱ። መድረክ የለ፣ ማይክ የለ። በነዚያ ትምህርት ቤቶች ከሌሎቹ ያነሱ ልጆች አጨሱ።

ግን እውነቱን ሙሉውን ልንገራችሁ። እዚያው እንግሊዝ በተመሳሳይ መንገድ ልጃገረዶችን ወደ ስፖርት ለመሳብ ተሞክሮ፣ የእንቅስቃሴ መጠናቸው አልጨመረም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሲጋራን እምቢ ለማለት ቃል ሊበቃ ይችላል። ለመንቀሳቀስ ግን ሜዳና ሰዓት ያስፈልጋል።

የኛን ሜዳ አስቡት። አንድ ኳስ አለ፤ ኳሷ የወንዶች ናት። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት 81 በመቶዎቹ ግን እዚያ አይደርሱም፤ ሴቶቹ ደግሞ 85 በመቶ። እኛም በኃይሌና በደራርቱ እንኮራለን፣ ለሁለት ፌርማታ ግን ባጃጅ እንጠብቃለን!

ስለዚህ ማሳመን ብቻ ሳይሆን መጠየቅም አለ። ሦስት አራት ሆናችሁ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ግቡ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳው ለሴቶች እንዲሆን ጠይቁ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲወሰድ በአክብሮት «የኛ ሰዓት ነው» በሉ። ሱዚና ገመድ የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ካለ ደግሞ አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ ይዝለልና እናየዋለን። እስክስታም ይቆጠራል፤ ላብ ካወጣ ስፖርት ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በማንም ሰውነት ላይ አትቀልዱ። «ወፍራም»፣ «ቀጫጫ» የሚል ቃል ከአፋችሁ ከወጣ፣ ያ ልጅ ሜዳውን ዳግም አይረግጥም። ሁለተኛ፣ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ በየክፍሉ አለ። ለእሱ ስለ ስኳር አትስበኩ፤ ቆሎውን ዘርግታችሁ «ና እንብላ» በሉት። ማንም እንዳላየ አድርጋችሁ።

እናንተ ሰው ማስተባበር ታውቁበታላችሁ። በአንድ መልእክት አዳራሽ ስትሞሉ አይቻለሁ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ደግሞ ያቺን ክዳኑን የምትከልል ልጅ ፈልጓት። አጠገቧ ተቀመጡ፤ የራሳችሁን ሽሮ ከፍታችሁ አንድ ጉርሻ አጉርሷት።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከሴቶች እንጀምር።