ስለ ግቢያችን ሣር ማሳጨጃ ወጪ
በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር

የዛሬው ሦስተኛ አጀንዳ «የግቢ ሣር» የሚል መሆኑ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ሰዎች እንደሳቁ ሰምቻለሁ። አንድ ጎረቤቴማ «ሣር ይበቅላል፣ ይታጨዳል፤ ለዚህ ደግሞ ስብሰባ ምን ያደርጋል?» አለኝ። እኔም ድሮ እንደዚሁ ነበር የማስበው። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ለሣር ብቻ ያወጣነው ገንዘብ 39,620 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በየወሩ 50 ብር የሚከፍሉት የ180 አባወራና እማወራ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ማስረዳት ግዴታዬ ነው። ውሳኔው የኮሚቴው ቢሆንም ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ በሌላ ሰው አላሳብብም።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። እንደምታውቁት ግቢያችን ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከበሩ እስከ አዳራሹ ያለው የፊቱ ሣር 250 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ሜዳ ደግሞ 1,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህንን ሜዳ ለብዙ ዓመት ያጭዱት የነበሩት አንድ ሽማግሌ አባት ናቸው። ሰኔ ገባ ሲል ማጭዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ያጭዳሉ፤ ነዷቸውን አስረው በትከሻቸው ይወስዳሉ። እኛ አንከፍላቸውም፤ እሳቸውም አይከፍሉንም። ሣሩን ለላማቸው ይወስዳሉ፣ ግቢያችን ይጠራል። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ደግሞ ሳንጠይቃቸው ለአዳራሹ ጉዝጓዝ የሚሆን አንድ ሸክም ለምለም ሣር በር ላይ ጥለውልን ይሄዱ ነበር።

ይህ በእኛ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም። ሾላ እኮ ከድሮም የወተትና የከብት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ለአገራችን 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ዝርያ ከብቶች ሰጥቶ ነበር። ያኔ ነው ዘመናዊው የወተት ሥራ የተጀመረው። በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ እርዳታ የወተት ማዘጋጃው እዚሁ ሾላ ተቋቋመ። «ሾላ ወተት» የሚለው ስም ከእኛው ሰፈር ነው የወጣው። ላም ያለበት ቦታ ሁሉ ሣር ይፈለጋል። ሣር ለእኛ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ መኖ ነው፣ ጉዝጓዝ ነው፣ ሲደርቅም ድርቆሽ ነው።

ታዲያ ምን ነካን? በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲሠራ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚመጣው መንገድ ዳር ሣር ተተከለ፤ በማሽን ተከርክሞ ምንጣፍ መሰለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግቢያችንን ስመለከት አፈርኩበት። ሙጃው ጉልበት ይደርሳል፣ ማገጡና ሰርዶው ተደባልቋል። ለኮሚቴው «እኛስ ለምን በባለሙያ አናሳጭድም?» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ሐሳቡም በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሣር በማሽን የሚያጭድ አንድ ድርጅት ተፈልጎ ውል ተፈረመ። ለሽማግሌው እንዳይመጡ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። በር ላይ ቆሜ «አባባ፣ ከእንግዲህ በማሽን ስለሚታጨድ አይልፉ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ እንዳላችሁ» ብለው ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተመለሱ። ድካም የቀነስኩላቸው መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ደረሰኙ በሙሉ በፋይል አለ፤ የፈለገ ሰው ሊያየው ይችላል።

የአንድ ጊዜ ማጨጃ ዋጋ 4,800 ብር ነው። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 720 ብር ሲጨመር 5,520 ብር ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ስድስት ጊዜ ስለመጡ 33,120 ብር ተከፈለ። በመጀመሪያው ቀን ሣሩ በጣም ረዝሟል ተብሎ ከነታክሱ 2,300 ብር ተጨማሪ ተጠየቅን። የታጨደውን ሣር ማንሳት በውሉ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በየጊዜው ለጋሪ 700 ብር፣ በስድስት ጊዜ 4,200 ብር ከፈልን። ድምሩ 39,620 ብር ነው። ወርኃዊ መዋጯችን ሁሉም ቢከፍል 9,000 ብር ነው። ስለዚህ ለሣር ያወጣነው የአራት ወር ከ12 ቀን መዋጮ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከብት የሚበላውን ሣር ለጋሪ ገንዘብ ከፍለን ነው ያስጣልነው።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ አላበቃም። በነሐሴ ወር አንድ አባላችን ሲያርፉ ለቤተሰባቸው በደንቡ መሠረት በማግሥቱ መስጠት የነበረብን 20,000 ብር ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት የተገኘው 12,000 ብቻ ነው። ቀሪውን 8,000 ብር የሰጠነው በዘጠነኛው ቀን ነው። ባለቤታቸው በዛሬው ስብሰባ ላይ አሉ። ያን ቀን አንድም ቃል አልተናገሩንም። ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ገንዘቡ ጎድሏል ብዬ ስነግራቸው ግን መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እማማ፣ ዛሬ በጉባኤው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

አሁን ደግሞ ፍርድ እንዳናዛባ የድርጅቱንም ነገር ልናገር። እኔም በመጀመሪያ ዘርፈውናል ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ ከሠራተኞቹ ጋር ስነጋገር ግን ሌላ ነገር ተረዳሁ። የሣር ማጨጃ ማሽን በእንግሊዝ አገር ኤድዊን በዲንግ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830 የፈለሰፈው ነው ይባላል። ሐሳቡን ያገኘው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሱፍ ጨርቅ ላይ ያለውን ጭገር ከሚላጭ መሣሪያ ነው። ማሽኑ የተሠራው ደልዳላ ሜዳና አጭር ሣር ላላቸው ግቢዎች ነበር። የእኛ ሜዳ ጉድጓድና ድንጋይ የበዛበት ነው። ስለዚህ በትከሻ የሚንጠለጠለውን ማሽን ነው የሚያመጡት። ያ ማሽን ቤንዚን ከዘይት ጋር ተደባልቆ ይጠጣል። ክሩ ያልቃል፣ ቢላዋው ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል። መለዋወጫው ሁሉ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የሠራተኛው የቀን ሒሳብ አለ፣ ማሽኑን የሚያመጣው መኪና አለ። ሥራው ሁለት ሰዓት ቢሆንም የሚያስከፍሉት የግማሽ ቀን ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ሌላ ቦታ አይደርሱም። ስለዚህ ሰዎቹ ሌቦች አይደሉም። አቅማችንን ሳንለካ የማይሆነንን ያዘዝነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ነገር አደጋው ነው። በሐምሌ ወር ማሽኑ እየሠራ ሳለ አንዲት ጠጠር ተፈናጥራ ኳስ የሚጫወት ልጅ ቅልጥም መታች። እግዚአብሔር ይመስገን ቁስሉ ቀላል ነበር፤ ዓይኑን ቢሆንስ? ጥፋቱ የኛ ነው። ሜዳውን ቀድመን አልለቀምንም፣ ልጆቹንም ከግቢ አላስወጣንም። ወደፊት በግቢያችንም ሆነ በየቤታችሁ ማሽን የምታስገቡ ሁሉ ይህን አትርሱ። ድንጋይ፣ ሽቦና የጠርሙስ ስባሪ ቀድሞ ይለቀም። ልጆችና ከብቶች ይራቁ። አጫጁም መነጽርና ጫማ ሳያደርግ አይጀምር።

ከዚህም ሌላ ለየቤታችሁ ሣር የምታሳጭዱ ከሆነ ከመዋዋላችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

1ኛ/ ዋጋው በካሬ ሜትር ነው? በቀን ነው? ወይስ በአንድ ጊዜ ጥሪ?
2ኛ/ ታክስ ተጨምሮበታል ወይስ ገና ይጨመራል?
3ኛ/ የታጨደውን ሣር ማን ያነሳል? ሣሩስ የማን ነው?
4ኛ/ ሣሩ ረዝሞ ቢገኝ ወይም ዝናብ ቢያቋርጣቸው ሒሳቡ እንዴት ይሆናል?
5ኛ/ ሰው ወይም መስኮት ቢመታ ኃላፊው ማን ነው?

እኔ ከእነዚህ የጠየቅሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቀሪዎቹን የተማርኩት በእናንተ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ኮሚቴው ሐሳብ ልምጣ። በመሠረቱ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ባለፈው በማሽን ማሳጨድ ነው፤ ወጪውን ሰምታችኋል። ሁለተኛው የራሳችንን ማሽን መግዛት ነው። ይህን አንዳንድ ወጣቶች አንስተውታል። ነገር ግን ማሽን ማስቀመጫ፣ ቤንዚን፣ ጥገናና የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። በዓመት አራት ወር ለሚሠራ ዕቃ ዛሬ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ኮሚቴው አልተስማማበትም። ሦስተኛው ግቢውን ለሁለት መክፈል ነው፤ እኛም የምንደግፈው ይህንኑ ነው።

የፊቱን 250 ካሬ ሜትር አንድ የሰፈራችን ወጣት በማጭድና በትልቅ መቀስ በየ15 ቀኑ ይከርክመው። በቀን 700 ብር ሒሳብ በክረምቱ ስምንት ጊዜ 5,600 ብር ይሆናል። የጀርባውን ሜዳ እንደ ድሮው ሣሩን ለሚፈልግ ከብት አርቢ እንስጥ። ጥግ ጥጉን አጽድቶ ስለሚሄድ ለያንዳንዱ እጨዳ 500 ብር እንክፈለው፤ አራት ጊዜ ቢታጨድ 2,000 ብር ነው። በድምሩ 7,600 ብር። ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር 32,020 ብር በሣጥኑ ይቀራል።

እርግጥ ነው፣ እንደ መንገድ ዳሩ ሣር ምንጣፍ አይመስልም። «ማጭድ ኋላ ቀርነት ነው» የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን ኋላ ቀርነት የሚባለው ለቀብር የሚሆን ገንዘብ አጥቶ ሣር ማስዋብ ይመስለኛል። ደግሞም ሥራው በደንብ ከተያዘ ማጭድም ያምራል። ዘዴው ይህ ነው፦ የፊቱ ሣር ሳይረዝም ቶሎ ቶሎ ይከርከም፣ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ፣ መሬቱ እስኪታይ ከተላጨ ሣሩ ይደክማል፣ አረምም ቦታውን ይይዛል። ማጭዱም መቀሱም ይሳል። ዝናብ እንደዘነበ አይታጨድ፤ ጠዛው ሲለቅ ይሻላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ተናግሬ ልጨርስ። ይህን ሐሳብ ለኮሚቴው ከማቅረቤ በፊት ባለፈው ሳምንት እኚያን ሽማግሌ አባት ለመጠየቅ እቤታቸው ሄጄ ነበር። ተመልሰው እንዲያጭዱልን ልለምናቸው ነው። ቡና ተፈላ፣ ተጨዋወትን። በረቱ ባዶ ነበር። ባለፈው ክረምት ሣር ሲያጡ ድርቆሽ እየገዙ ትንሽ ሞከሩ፤ ድርቆሹ ሲከብዳቸው ላሚቱን ለመስቀል ሰሞን ሸጧት። እኔን አልወቀሱኝም። «ልጄ፣ ሜዳው የናንተ ነው፤ የኔ ላሚቱ ብቻ ነበረች» ነው ያሉኝ። ከዚያም ላም የሌለው ሰው ሣር ምን ያደርግለታል ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ሆኖም ልጃቸው ጥጃ ሊገዛ እንዳሰበና ሜዳው ከተፈቀደላቸው ክረምቱን እንደሚሞክሩ ነግረውኛል። ስለዚህ ጉባኤው ሐሳቡን ከተቀበለ የጀርባው ሜዳ ቅድሚያ ለእሳቸው ቤት እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ይህ ምጽዋት አይደለም። እሳቸው ለብዙ ዓመት ያለ ደመወዝ ግቢያችንን ሲያጸዱልን ኖረዋል፤ እኛ ግን በመዝገብ ስላልጻፍነው ዋጋ የሌለው መስሎን ነበር። እንደ ጸሐፊነቴ በመዝገብ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ነፃ እንዳልሆነ ተምሬያለሁ።

የወጪው ዝርዝር ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል። ማንበብ ለማይችሉ አባላት ልጆች ያንብቡላቸው። ጥያቄና አስተያየት ካለ አሁን መስማት እንችላለን፤ ከዚያ በኋላ እጅ በማውጣት እንወስናለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ