ይህ ሙያ ለእኔ ይሆናል ወይ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ልብስ ዲዛይን ሙያ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ዲዛይነር አይደለሁም። ሆኖም የማኅበራችንን መዝገብ ስለምይዝ፣ የስፌት መኪና ለመግዛት ብድር የጠየቁትን፣ ዲዛይነር ለመሆን መሥሪያ ቤት ለመልቀቅ ያሰቡትን፣ ልጃቸውን ፋሽን ለማስተማር የሚቆጥቡትን አውቃለሁ። የምናበድረው ገንዘብ ከእያንዳንዳችን ጉሮሮ ተነጥቆ የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ «ይህ ሙያ ለእኔ ይሆናል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ብድሩ ከመውጣቱ በፊት ብንመልሰው ይሻላል። እንዲቀለኝ ለአንዲት እህት እንደምናገር «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል፤ ታላላቆቼ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ብዙዎቻችን «መልበስ እወዳለሁ፣ ዓይኔ ቀለም ይመርጣል፣ ሰው አለባበሴን ያደንቃል» ብለን እንነሳለን። ይህ መልካም ስጦታ ነው፤ ግን ጥሩ ደንበኛም ይህ ስጦታ አላት። ለራስሽ ስትለብሺ የራስሽን ምርጫ ትከተያለሽ። ዲዛይን ግን የሌላን ሰው ችግር ባለው ጨርቅ፣ ባለው ገንዘብና በተቆረጠው ቀን መፍታት ነው። አራስ እናት ለልጇ ክርስትና የሀበሻ ቀሚስ ስታዝዝሽ፣ ጥለቱ የት ይውረድ ከማለትሽ በፊት ልጇን በምን በኩል ታጠባለች ብለሽ ማሰብ አለብሽ። ክርስትናው በ40 ወይም በ80 ቀን ስለሆነ ቀኑ አይገፋም። እንዲህ ያለው ጥያቄ እንቅልፍ እስኪነሳሽ ድረስ የሚያጓጓሽ ከሆነ ሙያው የአንቺ ሊሆን ይችላል።

ስማቸው የታወቀውን ተመልከቱ። ሞዴል ሊያ ከበደ «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ስትመሠርት መነሻዋ የሀገራችን ሸማኔዎች ገበያ ማጣታቸው ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. በዘነበወርቅ ሰፈር «ሶልሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር፣ ከጎማ የሚሠራውን በረባሶ ከሰፈሯ ሰዎች ሥራ ማጣት ጋር አገናኘችው። ሁለቱም ከውበቱ በፊት ችግሩን አይተዋል።

ታዲያ እንዴት ትወቂው? ሥራሽን ሳትለቂ ለሦስት ወር ሞክሪው። በሰውነት አቋም ለማይመሳሰሉ ሦስት ሴቶች አንድ አንድ ልብስ ሥሪ። መኪና ከሌለሽ ከምታውቂው ልብስ ሰፊ ጋር ተስማምተሽ ሥሪ። ሁሉንም በደብተር መዝግቢ፤ ከዚያ ሦስት ነገሮችን እይ።

አንደኛ፣ በቀኑ ጨርሰሻል ወይ? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። በማግሥቱ የደረሰ ቀሚስ የቱንም ያህል ቢያምር ደንበኛዋ ሁለተኛ አትመለስም።

ሁለተኛ፣ እርማት ትችያለሽ ወይ? «ወገቡን አጥብቢልኝ፣ እጅጌውን አሳጥሪው፣ ጥለቱ አልወደድኩትም» ስትባዪ ምን ተሰማሽ? ደግሞ መፍታትና ደግሞ መስፋት የሙያው ግማሽ ነው። መከፋት ያለ ነው፤ ከተከፋሽ በኋላ ግን ልብሱን ለማስተካከል እጅሽ ካልተነሳ አስቢበት።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ ምን ይላል? ለምሳሌ ቀሚሱን በ6,000 ብር ሸጥሽ እንበል። ጨርቁ 3,200፣ ጥልፉ 800፣ ክርና ገበሩ 200፣ ትራንስፖርቱ 200 ብር ቢሆን ወጪሽ 4,400 ነው። 1,600 ብር ቀረሽ። ልክ መውሰዱ፣ ሽሮ ሜዳ መመላለሱ፣ ቆረጣው፣ ስፌቱና እርማቱ 4 ቀን ከፈጀ የቀን ገቢሽ 400 ብር ነው። የሱቅ ኪራይ፣ መብራትና የብድር ክፍያ ገና ከዚህ ላይ ይነሳሉ። ይህን ከአሁኑ ደመወዝሽ ጋር አስተያዪው። ለጓደኛ በነፃ የሠራሽውንም የእጅ ዋጋሽን አስልተሽ መዝግቢው፤ የድካምሽን ዋጋ አንቺ ካላወቅሽው ማንም አይነግርሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሥራ ገንዘብ በየወሩ እኩል አይገባም። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና የጥር ሠርግ ሲደርሱ ትዕዛዝ ይበዛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን በኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ ለ55 ቀን ሠርግ የለም። የብድር ክፍያው ጾም አያውቅም። ስለዚህ ከጥር ገቢሽ ለጾሙ ወራት የምታስቀሪ ሁኚ፤ ከደንበኛም ቀብድ ሳትቀበዪ ጨርቅ አትግዢ።

ሙከራው «አይሆንም» ቢልሽ ምንም አልከሰርሽም። ምናልባት የምትወጂው መስፋቱን ነው፤ ምናልባት ጨርቅ መርጦ መሸጡን ነው፤ ምናልባትም እንደ እኔ የሌላዋን ዲዛይነር ሒሳብ መያዙን ነው። ሁሉም እንጀራ ነው። «ይሆናል» ካለሽ ደግሞ ተማሪ። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ትምህርት ቤቱ ፈቃድ እንዳለው፣ ለየትኛው ደረጃ እንደሚያሠለጥንና ለብቃት ምዘናው ለሲኦሲ እንደሚያበቃሽ ጠይቂ። ስዕል ብቻ ነው ወይስ ቆረጣና ስፌትም ያስተምራል ብለሽም ጠይቂ።

ከዚያ ደብተርሽን ይዘሽ ወደ ብድር ኮሚቴው ነዪ። ሦስት ልብስ፣ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሒሳብ የተጻፈበት ደብተር ከማንኛውም ማመልከቻ ይበልጥ ያሳምነናል። እኔም አብሬሽ ቁጭ ብዬ ለመደመር ዝግጁ ነኝ።