ምክር ለመሸጥ የሚፈተኑ ወጣቶች



በአገራችን ምክር የሚጠበቀው ከሽማግሌ ነው። ጠጕሩ የሸበተ፥ ብዙ ያየና የሰማ ሰው ይመክራል፤ ወጣቱ ያዳምጣል። በአሜሪካ ግን ምክር ራሱን የቻለ ንግድ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ከሻጮቹም ብዙዎቹ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ናቸው። የዛሬው ንግግራችን ከንግድ ትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ ወደዚህ ሥራ ለመግባት ስለሚያልፍበት ፈተና ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያው ዘመን ምክራቸውን በክፍያ ይሰጡ የነበሩት የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው መሐንዲሶችና የሒሳብ ዐዋቂዎች ነበሩ። በ1926 ጄምስ ማኪንዚ የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርስቲ የሒሳብ አያያዝ መምህር በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። እርሱ በ1937 ከሞተ በኋላ ኩባንያውን ያሳደገው ማርቪን ባወር በ1950ዎቹ ከሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የሚወጡትን ወጣቶች በብዛት ይቀጥር ጀመር። የሠለጠነ አእምሮ የልምድን ጕድለት ይሞላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደው በዚህ ጊዜ ነው። በ1963 በቦስተን የተመሠረተው የብሩስ ሄንደርሰን ኩባንያና በ1973 የተከተለው የቤን ኩባንያም ይህንኑ መንገድ ያዙ።

ታዲያ ልምድ የሌለውን ሰው ለአማካሪነት የሚመርጡት በምን መዝነው ነው? ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ተማሪው መጽሐፉን በወጉ ሳይገልጥ፥ በመጀመሪያው መጸው፥ የኩባንያዎቹ መልእክተኞች ትምህርት ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። ተማሪውም በዚያ ከሚሠሩት ጋር ቡና እየጠጣ እንዲተዋወቅ ይመከራል። (ቡናውስ የእኛ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስኒ የለም፤ ሁሉም ሰዓቱን ያያል።) ከዚያም በክረምቱ ወራት የቃል ፈተናው ይሆናል፤ ያለፈው በበጋ ዕረፍቱ ለጥቂት ሳምንታት ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከሠመረለትም ቋሚ ሥራ ይሰጠዋል።

በፈተናው ላይ ጥቂት እንቈይ። ፈታኙ እንዲህ ያለ ነገር ያቀርባል እንበል፦ አንድ የጫማ ፋብሪካ በዓመት 100 ሺህ ጥንድ ጫማ በ50 ዶላር ሒሳብ ይሸጣል። ለአንዱ ጥንድ የሚያወጣው 40 ዶላር ነውና ትርፉ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። የቆዳ ዋጋ ስለ ተወደደ የእያንዳንዱ ጥንድ ወጪ በ4 ዶላር ጨመረ። ወጪው ያደገው ከመቶ ዐሥር እጅ ብቻ ሲሆን፥ ትርፉ ከመቶ አርባ እጅ ወድቆ 600 ሺህ ዶላር ሆነ። ባለፋብሪካው ዋጋውን ወደ 54 ዶላር ከፍ ላድርግን? ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ከሆነ ግን 20 ሺህ ጥንድ ገዢ እንደሚያጣ ይገምታል።

ፈጣኑ ተማሪ ወዲያው እርሳሱን ያነሣል። 80 ሺህ ጥንድ፥ በያንዳንዱ 10 ዶላር ትርፍ፥ 800 ሺህ ዶላር፤ ከ600 ሺህ ይበልጣልና ዋጋውን ጨምር ይላል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ምክሩ ግን ፋብሪካውን ሊጐዳ ይችላል። ሌላው ተማሪ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ከ40ው ዶላር ውስጥ ጫማ ቢሠራም ባይሠራም የማይቀር ወጪ ምን ያህል ነው? ፈታኙም፥ ለቤት ኪራይና ለቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ 15 ዶላር፥ በጠቅላላው በዓመት 1 ሚሊዮን ከ500 ሺህ፥ ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ 80 ሺህ ጥንድ በ54 ሲሸጥ 4 ሚሊዮን ከ320 ሺህ ይገባል። ለቆዳና ለመሳሰለው በ29 ዶላር ሒሳብ 2 ሚሊዮን ከ320 ሺህ ይወጣል። የማይቀረው ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈው 500 ሺህ ብቻ ነው፤ ዋጋው ባይነካ ኖሮ ከሚገኘው ያንሳል።

ሁለቱም ተማሪዎች አንድ መምህር ያስተማራቸው፥ አንድ መጽሐፍ ያጠኑ ናቸው። ፈታኙ የሚፈልገው የቃል ጥናትን እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ተማሪው በሰው ገንዘብና በሰው እንጀራ ላይ ከመፍረዱ በፊት መጠየቅን ያውቅ እንደ ሆነ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ዐይነቱ ፈተና ከብዙ የጽሕፈት ፈተና የተሻለ ነው። ሆኖም ለፈተናው ማሠልጠኛ መጻሕፍትና በክፍያ የሚያለማምዱ ሰዎች ስለ በዙ፥ ጥያቄውም ራሱ በቃል የሚጠና ሆኗል።

ፈተናውን ማለፍም ሁልጊዜ ሥራ ማግኘት አይደለም። ኩባንያዎቹ በ2021ና በ2022 ብዙ ሰው ቀጥረው ነበርና ገበያው ሲቀዘቅዝ፥ በ2023 አንዳንዶቹ አዲስ የተቀበሏቸውን ምሩቃን የሥራ መጀመሪያ ቀን ለብዙ ወራት አራዘሙባቸው። የቅጥር ደብዳቤ በእጁ ይዞ ደመወዝ የሌለው ወጣት፥ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ሆነ። በሐርቫርድም ቢሆን በ2024 ተመርቀው ሥራ ይፈልጉ ከነበሩት መካከል ከመቶ 23ቱ ከሦስት ወር በኋላ ገና አላገኙም ነበር።

ከአገራችን ሄደው እዚያ ለሚማሩት ነገሩ ይጠብቃል። የውጭ አገር ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ለአንድ ዓመት በሙያው እንዲሠራ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ግን ያለ ሥራ ሊቈይ የሚችለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። አሜሪካዊው ጓደኛው የሥራ መጀመሪያው በስድስት ወር ቢራዘምበት ከወላጆቹ ቤት ሆኖ ይጠብቃል፤ የእኛው ልጅ ግን ከፈቃዱ መጀመሪያ ቀን አንሥቶ ይቈጠርበታል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤ ሲደርሰው ከደመወዙ ልክ አስቀድሞ የሚያነበው የሥራ መጀመሪያውን ቀን ይሁን፤ ቀኑ ቢራዘም ኩባንያው ምን እንደሚያደርግለትም ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ።